የጥጉ ወንበር ጀግና

እንድሪስ ይማም መርካቶ ተወልዶ፣ መርካቶ አድጎ፣ አንድም ነገር ሳይሸጥ ሃያ ስምንት ዓመት የሞላው ብቸኛ ሰው ነው ይባል ነበር። መርካቶ እንግዲህ ሰው የራሱን ጥላ ጠቅልሎ «ኦርጅናል ነው፣ ቀለሙ አይለቅም» ብሎ የሚሸጥበት ሰፈር ነው። እዚያ ኖሮ ምንም አለመሸጥ ሌላውን ሰው ሰነፍ ያሰኘዋል፤ እንድሪስ ግን ማዕረግ አድርጎት ነበር። «እኔ ለንግድ አልተፈጠርኩም» ይላል፣ እጁን ኪሱ ከቶ። ታዲያ ለምን ተፈጠርክ የሚለው ሰው ከተገኘም መልሱ ዝግጁ ነው። ለውጊያ።

ውጊያው ያለው አብነት አጠገብ፣ አንድ ፎቅ ላይ፣ ሰዓድ የሚባል የሰፈር ልጅ በከፈተው ጌም ቤት ውስጥ ነው። ዘመኑ ለሚሊኒየሙ ሽር ጉድ የሚባልበት፣ በየቢሮው «ኔትዎርክ የለም፣ ነገ ተመለሱ» የሚለው ነገር ገና ጥርስ ማብቀል የጀመረበት ነው። ሰዓድ አሮጌ ኮምፒውተሮች ለቃቅሞ፣ እርስ በርስ በሽቦ አያይዞ፣ ገብቶ የተቀመጠ ሁሉ በየስክሪኑ አንድ የፈረሰ ከተማ ውስጥ እየገባ እንዲታኮስ አደረገ። ደላላው ይመጣል፤ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ይመጣል፤ ከአትክልት ተራ፣ ቲሸርቱ ላይ የቲማቲም ውሃ የደረቀበት ተሸካሚ ሳይቀር ይመጣል። ውጭ ትከሻ ለትከሻ ሲጋጩ «ይቅርታ ወንድሜ» የሚባባሉ ሰዎች እዚህ ገብተው በቦምብ ይፈላለጣሉ።

በዚህች ፍርስራሽ ከተማ ላይ ንጉሡ እንድሪስ ነበር። የሚመታው ሁሉ ይወድቃል፤ እሱን የሚመታው የለም። ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ስሙ ከላይ ይመጣል፣ ሌላው ከእሱ ሥር ይኮለኮላል። ስሙን «ኮማንደር» አሉት፤ እሱም መጀመሪያ «ኧረ ተዉኝ» አለ፣ በኋላ ግን እንድሪስ ብለው ሲጠሩት የማይሰማ ሆነ።

ወንበሩን ያገኘበት መንገድ እንዲህ ነው። ሰዓድ ከሁሉ የሚሻለውን ኮምፒውተር ሌባ እጅ እንዳይገባ ከበሩ አርቆ ጥጉ ላይ አስቀመጠው። ጨዋታው የሚነሳው ከዚያ ነው፤ የቀሩት ኮምፒውተሮች የሚያዩት ጥጉ የላከላቸውን፣ ያውም በየቦታው በፕላስተር በተጠገነ ሽቦ እየተጎተተ የሚደርሳቸውን ነው። በእኛ አገር ደግሞ ከበር ራቅ ያለው ቦታ የማን እንደሆነ ይታወቃል። የተከበረ ሰው በር ላይ አይቀመጥም። እንድሪስ ገና የመጀመሪያው ቀን ብቅ ሲል፣ የሐጂ ይማም ልጅ ነውና፣ ጥጉ ላይ የነበረው ሰውዬ ከወገቡ ብድግ ብሎ «ኖር!» አለው። እንድሪስም «አትነሣ፣ አትነሣ፣ ወላሂ አትነሣ» እያለ ተቀመጠበት። ከዚያ ወዲያ የተነሣው ለሶላትና ለምሳ ብቻ ነው።

ሰው ማጉረምረሙ አልቀረም። ከሁሉ የሚብሰው ጠሀ ነበር። ጠሀ ሸማ ተራ ውስጠኛው መተላለፊያ ላይ የነጠላ ሱቅ ያለው፣ ቀጭን፣ ነገር የማይረሳ ሰው ነው። ወንበሩ በሩ ሥር ሲሆን፣ የሱን ሽቦ የገባ የወጣው ሁሉ ይረግጠዋል። ሲተኩስ ጥይቱ ይዘገያል፤ ሲሮጥ እግሩ ባለበት ይረግጣል። እንድሪስን አየሁት ብሎ ሲያነጣጥር እንድሪስ ከዚያ ቦታ ከሄደ ቆይቷል። ሮጦ ከግንብ ኋላ ይደበቃል፣ ተመስገን ብሎ ትንፋሹን ሲሰበስብ፣ እዚያው ከግንቡ ኋላ ዘጭ ብሎ ይሞታል።

«እንዴ! ከግንቡ ኋላ ነኝ እኮ!» ይጮሃል ጠሀ። «ግንብ በስቶ ነው እንዴ የሚመታኝ? ኑ እዩልኛ!»

እየመጡ ያያሉ። በጠሀ ስክሪን ላይ ሬሳው ከግንቡ ኋላ ተዘርሯል። በእንድሪስ ስክሪን ላይ ግን ጠሀ ገና መንገድ ሲያቋርጥ ሜዳ ላይ ነው የተመታው። አንድ ከተማ ነው፣ አንድ ጠሀ ነው፣ ሞቱ ግን ሁለት ቦታ ሆነ። የትኛው ልክ ነው ተብሎ ሲከራከሩ፣ ከጥጉ በኩል የኮማንደሩ ድምፅ ይመጣል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው፤ ትልቅ ሰው አይጮህማ።

«ጠሀ፣ አንተ የሞትከው ሜዳ ላይ ነው። ቀድመህ ሞተሃል፤ ወሬው ነው የዘገየብህ።»

ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ጠሀ የገዛ ሞቱን ወሬ ዘግይቶ የሰማ ሰው ተብሎ መተላለፊያው ድረስ ተዘፈነበት። እንድሪስ ግን በቀልድ ብቻ አይተወውም፤ ምክር ይጨምርበታል። «ችግራችሁ ትዕግሥት የላችሁም። ትቸኩላላችሁ። ጣታችሁ ከልባችሁ ይቀድማል። ውጊያ ትዕግሥትና ዓይን ነው፣ በቃ።» እግዜር ያሳያችሁ፣ ጥይቱ ከጣቱ ጋር አብሮ የሚወጣለት ሰው፣ ጥይቱ ሻይ ጠጥቶ ለሚወጣለት ሰው ትዕግሥት ሲመክር! የሚያናድደው ደግሞ ማመናቸው ነው። ተሸካሚው ሳይቀር ጣቱን እያየ «እውነቱን ነው፣ እቸኩላለሁ» ይል ነበር።

ይህን የምክር ነገር እንድሪስ ከሜዳ አላመጣውም። የአባቱ ነው። ሐጂ ይማም ከወሎ በልጅነታቸው መጥተው፣ ሸማ ተራ ላይ፣ የመተላለፊያው አፍ ላይ ያለውን የመጀመሪያውን ሱቅ የያዙ ሰው ናቸው። ለዓመት በዓል ነጠላ ፈልጋ ከታክሲ የወረደች ሴት ሁሉ እግሯ የሚያርፈው እሳቸው ደጅ ነው። ወደ ውስጥ ያሉት ባለሱቆች ገበያ የሚያገኙት ሐጂ ለሶላት ሲሄዱ ነው ይባላል። ሐጂ ደግ ሰው ናቸውና የስኬታቸውን ምሥጢር ከማንም አይደብቁም። ከውስጥ ሱቅ አንዱ ተክዞ ሲያልፍ ካዩ ጠርተው ያስቀምጡታል። «ልጄ፣ ንግድ ማለት ትዕግሥትና ፈገግታ ነው። ፊትህን ፍታ!» ይሉታል፤ ይህን ሲሉ ሦስት ገዢ ያስተናግዳሉ።

ሐጂ በልጃቸው ነገር ግን ፈገግታቸው ያልቅ ነበር። በየማታው «ሱቅ መቼ ነው የምትገባው?» ነው። እንድሪስ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚያ ሱቅ መዳን። ቀኑን ሙሉ ጋቢ ሲያጥፉና ሲዘረጉ መዋል፣ «እትዬ፣ ይሄኛውን ይዩት» ማለት ከሞት ይብስበታል። ስለዚህ ከዕለታት አንድ ቀን ለአባቱ ቃል ገባ። በጌም ቤቱ አሠልጣኝ ሆኖ ሊቀጠር ነው፣ ነገሩ አልቋል፣ ስሙና ፎቶው በር ላይ ሊሰቀል ነው። ሐጂም አሰብ አደረጉና፣ «መልካም፤ ከሰቀሉህ አልነካህም። ካልሰቀሉህ ግን ለመስቀል ገበያ ሱቁ ደጅ ወንበር ላይ አይሃለሁ» አሉት።

ነገሩ ማለቁ ውሸት ነበር። እንድሪስ ግን በራሱ እጅግ ከመተማመኑ የተነሣ ባነሩን ቀድሞ አሠራው። ክንዱን አጣምሮ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ፎቶ ተነሣ። ከሥሩም «ኮማንደር እንድሪስ፦ አሸናፊነትን ከአሸናፊው ይማሩ» ተብሎ በቀይ ተጻፈ። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ የሱ ላም ባነርም ነበራት።

ባነሩን ጠቅልሎ ወደ ጌም ቤቱ ሲሄድ ሰዓድ የለም። ዕቃ ላምጣ ብሎ ዱባይ ሄዷል፤ ቤቱን ለእህቱ ለጠሂራ ትቶላታል። ጠሂራ በርበሬ ተራ ከእናቷ ጋር በርበሬ ስትመዝን ያደገች ሴት ናት። ጌም አትወድም፣ ኮምፒውተር አትወድም፤ የምትወደው የሞላ ቤት ነው። ቤቱ ደግሞ እየጎደለ ነበር። ሁልጊዜ እየሞተ የሚከፍል ሰው የለማ! ሰው አንድ ሁለት ቀን ይሞታል፣ ሦስተኛው ቀን ኳስ ሊያይ ይሄዳል።

እንድሪስ ባነሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት። ጠሂራ ፎቶውን አየች፣ ሰውዬውን አየች፣ ፎቶውን ደገመች።

«አገጭህን ምን ሆነህ ነው?»

«ሙድ ነው፣ እህቴ። አሠልጣኝ እንደዚህ ነው የሚነሳው።»

«እና እነዚህን ሁሉ እያሸነፍክ ያባረርክብኝ አንተ ነህ?»

«ችሎታ ነው እንግዲህ። ምን ላድርግ?»

ጠሂራ የበርበሬ ተራ ሰው የሚናገረውን ተናገረች። «እንግዲያው ሳህኑን እናዛውረው።»

ይህ ነገር ላልገባው ሰው፣ መርካቶ ውስጥ ሚዛን የጠረጠረ ገዢ አይሳደብም፣ አይማማልም። «እስቲ ሳህኑን አዛውሩት» ይላል። በርበሬው ብረቱ ወደነበረበት፣ ብረቱ በርበሬው ወደነበረበት ይሄዳል። ሚዛኑ እውነተኛ ከሆነ ፍርዱ ያው ነው። ከተገለበጠ ግን በርበሬውን ማመስገንም መርገምም ዋጋ የለውም። «አንተ በር ላይ ትቀመጣለህ» አለች ጠሂራ፣ «በር ላይ ያለው ጥግ ይቀመጣል። ያኔም ካሸነፍክ ባነርህን በገዛ እጄ እሰቅለዋለሁ።»

እንድሪስ ሳቀ። ቅር አላለውም፤ እንዲያውም ደስ አለው። በገዛ እጁ መረጠ። «ጠሀን አስቀምጪልኝ» አለ። «ከሁሉ የሚያንሰውን። ማንም ወሬ እንዳያበዛ።» ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ጢም አለ። ኳስ ሊያይ ሄዶ የነበረው ሁሉ ተመለሰ። ጠሀ ጥጉ ላይ ሲቀመጥ ወንበሩ ላይ የመጨረሻውን ቁራጭ ብቻ ያዘ፤ የሰው አልጋ ላይ እንደተኛ ነው የሆነው። እንድሪስ በሩ ሥር ተቀመጠና ጣቶቹን አንቋቋ። ባነሩ ግድግዳው ላይ ተደግፎ፣ ከነአገጩ ያያል።

ጨዋታው ተጀመረ። እንድሪስ እንደለመደው ወደ ሰገነቱ ሮጠ፤ እግሩ ግን ባለበት ረገጠ። «ማውሱ ታሟል» አለ። ማውስ ተቀየረለት። አንዱን መስኮት ላይ አየው፣ አነጣጠረ፣ ተኮሰ፤ ሰውዬው ግን እዚያ የለም። ጥይቱ ባዶ መስኮት ውስጥ ገባ። «ስታክ አደረገብኝ፣ ቀጥ አለብኝ!» አለ። ይህን ቃል እዚህ ቤት ውስጥ ከሱ በቀር ሁሉም ሲለው ኖሯል። ሞተ። ተነሣ። ደግሞ ሞተ። ላብ ያጠምቀው ጀመር። ጠሀን ከሩቅ ሲመጣ አየውና ሕይወቱን ሊያተርፍ ሮጠ፤ ግንቡን ዞረ፤ ተደበቀ፤ ሙሉ በሙሉ ተደበቀ። እዚያው ከግንቡ ኋላ ዘጭ አለ።

እንድሪስ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። «ከግንቡ ኋላ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ የኮማንደር አልነበረም። «ወላሂ ከግንቡ ኋላ ነበርኩ! ኑ እዩልኝ! እዩታ!»

የመጣ የለም። ከጥጉ፣ ጠሀ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ፣ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ፣ ዓመት ሙሉ ሲያመነዥከው የኖረውን አወጣው።

«ኮማንደር፣ አንተማ ቀድመህ ሞተሃል። ወሬው ነው የዘገየብህ።»

የተሳቀው ሳቅ ታች ያሉትን የጫማ ነጋዴዎች ቀና አስደረጋቸው። ተሸካሚው መሬት ላይ ተቀምጦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታልና፣ «ትዕግሥት የለህም!»፣ «ጣትህ ከልብህ ቀደመ!» የማይለው አልነበረም። እንድሪስ በሩ ሥር ቆሞ የገዛ ምክሮቹን አንድ በአንድ ተቀበለ።

ጠሂራ ግን ነገሩን አልጨረሰችም። ሚዛን የሚያውቅ ሰው መልሶ ያዛውራል። «አሁን ወደየቦታችሁ» አለች። እንድሪስ ጥጉ ላይ ተመለሰ። ጣቱ ሲነካ ጥይቱ ወጣ፤ እግሩ ሂድ ሲለው ሄደ። አንድ በአንድ ጣላቸው። ስሙ እንደቀድሞው ከላይ መጣ። ያጨበጨበ አልነበረም። እሱ ራሱ ስሙን ስክሪኑ ላይ አይቶ፣ የሰው ስም እንዳነበበ ሰው ዓይኑን ወደ ሌላ መለሰ። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ አሳዘነኝ። ዓመት ሙሉ ካሸነፈው ውስጥ የቱ የሱ፣ የቱ የወንበሩ እንደሆነ ሊለየው አልቻለም። ትንሽም ቢሆን የሱ ነበረበት ይሆናል። ግን በምን ያውቀዋል?

«ሚዛኑ ነው ጎበዝ» አለች ጠሂራ። ባነሩን ጠቅልላ አቀፈችውና በክብር እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጥጉ ወንበር በተራ ሆነ። ሁሉም ተራው ሲደርስ ጀግና ይሆናል፣ ተራው ሲያልፍ ያለቅሳል፤ ቤቱ ሞላ። ሰፈሩም አዲስ አነጋገር አገኘ። በሬዲዮ ስለ ማንም አሸናፊ፣ በምንም ነገር ላይ፣ በሰፊ ልዩነት አሸነፈ ተብሎ ሲነገር፣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጥጉ ላይ ማን ነበር?» ይባባላል። ፍትሕ ሰፈነ እንዳትሉ ታዲያ። ጠሀ በሁለተኛው ተራው አልነሣም ብሎ በጉልበት ነው የተነሣው። ገና ወንበሩ ሳይሞቅለት በር ላይ ለተቀመጠው ተሸካሚ፣ «ችግራችሁ ትዕግሥት የላችሁም» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ የሚሉ አሉ።

እንድሪስ ቃሉን አከበረ፤ ማክበር ግድ ነበረበት። ለመስቀል ገበያ ሸማ ተራ፣ በአባቱ ሱቅ ደጅ፣ ወንበር ላይ ታየ። ባነሩም ሥራ አላጣም። ሐጂ ይማም ብር የወጣበት ነገር ሲባክን አይወዱም፤ ጽሑፉን ወደ ውስጥ አዙረው ለሱቁ የፀሐይ መከለያ አደረጉት። ከውጭ ለሚያየው ነጭ ሸራ ነው። ከሥሩ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ግን፣ ቀና ባለ ቁጥር፣ አንድ አገጩን ያነሣ ሰው አሸናፊነትን ከአሸናፊው እንዲማር ይነግረዋል።

መጀመሪያ ላይ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ጋቢውን ገልብጦ ይዘረጋል፤ «እትዬ» ለማለት ያፍራል። ግን ሴቶቹ ይገዙታል። ሳይናገር ይገዙታል፣ ተሳስቶ ቢናገርም ይገዙታል። ከታክሲ ይወርዳሉ፣ የመጀመሪያው ደጅ የሱ ነው፣ ፀሐዩ ይበረታል፣ ከመከለያው ሥር ይገባሉ፣ ይገዛሉ። ሳምንት ሳይሞላ ሐጂ ለጎረቤት፣ «ለካ ልጄ የንግድ ተሰጥዖ ነበረው፣ ደብቆኝ ነው እንጂ» ማለት ጀመሩ። እንድሪስም አንገቱ ቀስ በቀስ ቀና አለ።

በዓሉ ሲቃረብ ጠሀ ከውስጠኛው መተላለፊያ ወጥቶ በደጃቸው አለፈ። ውስጥ ገበያ የለም። ጠዋት የደረደረው ነጠላ እንደተደረደረ ነው። ሐጂ እንዳዩት ደግነታቸው ተነሣባቸው።

«ና ልጄ ጠሀ፣ ና ቁጭ በል። ምን ያስተክዝሃል? ንግድ ትዕግሥትና ፈገግታ ነው አላልኩህም? ፊትህን ፍታው!»

ጠሀ ሐጂን አየ። ቀና ብሎ መከለያውን፣ ከዚያ የተዘቀዘቀውን አገጭ አየ። መጨረሻ ላይ እንድሪስን አየ።

«ሐጂ፣ አይቆጡኝና» አለ በትሕትና፣ «ለዚህች ለበዓሏ ሳምንት ሳህኑን ብናዛውረውስ? እርስዎ ከነፈገግታዎ እኔ ሱቅ ይግቡ፤ እኔ ከነትካዜዬ እዚህ ልቀመጥ።»

ሐጂ ሳቁ። ነገሩ አልገባቸውም፤ እዚያ ወንበር ላይ ለኖረ ሰው እንዴት ይገባዋል? «ይሄ ልጅ ምንድን ነው የሚለው?» ብለው ወደ እንድሪስ ዞሩ።

እንድሪስ ነገሩ ገብቶታል። ከመርካቶ ሰው ሁሉ ከሱ የበለጠ የገባው የለም። በሩ ሥር ተቀምጧል፣ ባዶ መስኮት ተኩሷል፣ ከግንቡ ኋላ ሞቷል። ጠሀ ዓይን ዓይኑን ያየዋል፤ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠብቀው። አፉን ሊከፍትም ነበር።

በዚያው ቅጽበት ታክሲ ቆመ። ሴቶች እየተሳሳቁ ወረዱ፤ ነጠላ የሚፈልጉ እንደሆነ ከሩቅ ያስታውቃል። አንዷ መንገዱን አቋርጣ በቀጥታ ወደ መከለያው መጣች።

«አባቴ እውነታቸውን ነው፣ ጠሀ» አለ እንድሪስ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው። «ችግራችሁ ትዕግሥት የላችሁም።»

ከዚያም ወንበሩን ወደ ደጁ ሳብ አድርጎ ለሴትዮዋ ፈገግ አለላት።